«ጻፈ» ወይስ «ጻፉ»?

ቡልጋሪያ ማዞሪያ ላይ በጠዋት የቆመ ሰው ጆሮው በሰፈር ስም ይሞላል። የታክሲ ረዳቶች ግማሽ አካላቸውን ከሚኒባሱ በር አውጥተው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» እያሉ ይጣራሉ። በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ «ካዛንቺስ!» የሚል ጥሪ አለ። ተሳፋሪው ብሩን አዘጋጅቶ ይገባል። ስሙን ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም።

ሁለቱ ስሞች ከአንድ ዘመን የመጡ ናቸው፤ የመጡበት በር ግን ለየቅል ነው። ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ለነበረው ለሜክሲኮ ክብር ነው። ካዛንቺስ ግን የወራሪው የራሱ ቃል ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቅ ድርጅት ነበራቸው። የድርጅቱ ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ አፍም አለስልሶ ካዛንቺስ አደረገው። ቤቶቹ ለሐበሻ የታሰቡ አልነበሩም። ከጊዜ በኋላ ግን ሐበሻ ተወለደባቸው፣ ተዳረባቸው፣ ዕድር መሠረተባቸው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ያዘነው ለልጅነቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለቡና ማኅበሩ ነበር። ለኢንቺስ ያዘነ አልነበረም።

ከክፉ ጊዜና ከክፉ እጅ የመጣን ነገር ወድዶ መያዝ ይህን ያህል የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ቤት ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ቤት አይናገርም። የሚናገረው ሥራ ሲሆን፣ መጽሐፍ ወይም ዘፈን ሲሆን ይከብዳል።

የአዲስ አበባ መጽሐፍ አዟሪ መጻሕፍቱን ከሆዱ ጀምሮ ይደረድርና በላይኛው መጽሐፍ ላይ አገጩን ያሳርፋል። እንዲህ ሆኖ ካፌ ለካፌ ይዞራል። ሰው ሲጠራው በጉልበቱ ደገፍ አድርጎ የመጻሕፍቱን ጀርባ ወደ ደንበኛው ያዞራል። «ምን ልስጥህ? ታሪክ ነው ልብ ወለድ?» ይላል። ልብ ወለድ! ይህ ቃል ዛሬ በትምህርት ቤት መማሪያ፣ በሬዲዮ ትረካ፣ በመጻሕፍት መደብር መደርደሪያ ላይ ሁሉ አለ። ከልብ የተወለደ ታሪክ፣ እንደ ዜና መዋዕል በእውን ያልተፈጸመ፣ ደራሲው በሐሳቡ የፈጠረው ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ የሥነ ጽሑፍ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ከታተመች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ርዕሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀች። የአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ናት።

ደራሲዋ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላሉ። (ለአፍሪካ አዳራሽ ግዙፉን የመስታወት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ሌላ ሰው ናቸው።) አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1868 በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። ሥዕል የሚችል እጅ፣ ቋንቋ የሚቀበል ጆሮ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዳግማዊ ምኒልክ ለትምህርት ወደ ጣሊያን ላኳቸው፤ ቶሪኖ ከተማ በሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። ቆየት ብሎ ለተጨማሪ ትምህርት ስዊዘርላንድ ኒውሻቴል ገቡ። እዚያ እያሉ የአድዋ ጦርነት መጣ። የምኒልክ ጦር ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ የምኒልክ ተማሪ የነበሩት አፈወርቅ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ጣሊያን ወገን ተሻገሩ።

ይህ የመጀመሪያው ክህደት ነው። ከድሉ በኋላ ጣሊያን አገር ቀሩ። ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ጥናት ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ ጻፉ፤ ልብ ወለዷን አሳተሙ፤ የምኒልክንም ታሪክ ጽፈው አወጡ። ጊዜ ሲያልፍ ታረቁና ወደ አገራቸው ተመልሰው በንግድም በሹመትም ሠሩ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያን ወክለው ሮም ተቀመጡ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ሙሶሊኒ አገሪቱን ሲይዝ አፈወርቅ ለወራሪው አደሩ፤ «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግም ተሰጣቸው። አፈ ንጉሥ የንጉሥ ዳኛ፣ የንጉሥ አንደበት እንደሆነ ሁሉ አፈ ቄሳር የሮማው ቄሳር አንደበት መሆኑ ነው። ወላጆቻቸው የወርቅ አፍ ብለው ስም ያወጡላቸው ሰው የቄሳር አፍ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው ሞቱ።

ስለ እኚህ ሰው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ገና በመጀመሪያው ግሥ ላይ ይያዛል። «ጻፈ» ይበል ወይስ «ጻፉ»? «ሞተ» ነው «ሞቱ»? አማርኛ መሐል ሰፋሪ መሆን አይፈቅድም፤ ግሡ ራሱ ወይ ያከብራል ወይ ያቀርባል ወይ ያዋርዳል። እንግሊዝኛ ወይም ጣሊያንኛ ጽፎ ይህን ጭንቀት ሳያውቀው ማለፍ ይቻላል። በእኛ ቋንቋ ግን ጸሐፊው ፍርዱን ሳይሰጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር መዝጋት አይችልም። ስለዚህም በየጽሑፉ ሁለቱም ይገኛሉ፤ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ «ጻፉ» ሲል የአርበኛ ልጅ «ጻፈ» ይላል። አንዳንዱ እዚያው ገጽ ላይ ስለ መጽሐፉ ሲያወራ «ጻፉ» ብሎ፣ ስለ ባንዳነቱ ሲያወራ «ገባ» ይላል። ሰዋስው ተሳስቶ አይደለም፤ ልቡ ለሁለት ተከፍሎ ነው።

ይህ ጽሑፍ «ጻፉ» ይላል። ክብሩ ለአፈ ቄሳርነታቸው አይደለም፤ ሁላችንም የምንጽፍበትን መንገድ ቀድመው ለጠረጉ ሰው የሚገባ የታላቅነት አጠራር ነው። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ይኖራል፤ ለመቆጣትም በቂ ምክንያት አለው።

የዚያ ቁጣ ምክንያት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ወደ አዝማሪ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ማሲንቆ የያዘው ሰው በጠባብ ክፍል እየዞረ በእንግዳው ላይ ግጥም ሲያወርድ፣ ሲያሞግስ፣ ሲወጋ ላየው ሙያው የጨዋታ ይመስላል። በ1929 ዓ.ም. ግን ሞት ነበረበት። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ወንጀላቸው አፋቸው ነበር፤ ከገበያ ገበያ እየዞሩ የወራሪውን መጨረሻ ያወራሉ ተብለው ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ብዙ ቋንቋ የሚያውቁት፣ አውሮፓ የተማሩት፣ የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ደራሲ አፋቸውን ለዚያው መንግሥት አከራይተው ነበር። ስሙ በመጽሐፍ ያልተጻፈለት ባለ ማሲንቆ በቃሉ ምክንያት ሲሞት ባለ መጽሐፉ በቃሉ ተሾመ። (ግሡ እዚህ ላይ ከእጅ አመለጠ፤ ይቅር፣ እንዳመለጠ ይቆይ።)

ሌላም ንጽጽር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከአፈወርቅ ጋር በአንድ ዘመን የጻፉ፣ ከእሳቸው ያላነሰ ብዕር የነበራቸው ሰው ናቸው። በወረራው ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር በስደት አረፉ። አገር ቤት የቀረ ልጃቸውንም ጣሊያን ገደለው። ስለዚህ «ዘመኑ ነው፣ ምን ምርጫ ነበረው?» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። ምርጫ ነበር፤ ዋጋውንም የከፈሉ ነበሩ።

እንግዲህ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ምን እናድርጋት?

ታሪኳን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ጦርነት ላይ ተሸንፎ ይማረካል። ዋሕድ የሚባል ወንድ ልጅና ጦቢያ የምትባል ሴት ልጅ አሉት፤ መንታ ናቸው። አባቱን ለማስለቀቅ ገንዘብ ፍለጋ የተንከራተተውን ልጅ አንድ ቸር ነጋዴ ያገኘዋል፤ የአባቱን ዋጋ ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል። ዋሕድ ያንን ውለታ ሳይከፍል መኖር አልሆንልህ ይለውና ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር እሱን ፍለጋ ትነሣለች። መከራው፣ ፍቅሩ፣ የንጉሡ ልብ መለወጥ፣ የቤተሰቡ መገናኘት ከዚያ ይቀጥላል።

አስገራሚው ነገር የታሪኩ ሞተር ውለታ መሆኑ ነው። ወጣቱን ከቤት ያስወጣው ያልተከፈለ ውለታ ነው። ይህን የፈጠሩት ሰው ደግሞ አስተምሯቸው፣ ባሕር አሻግሮ ለላካቸው ንጉሥና ለአገራቸው የውለታ ዕዳ የነበረባቸው፣ በጭንቅ ቀንም ያልከፈሉት ናቸው። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሲያውቅ መጽሐፏ ውሸት ትሆንበታለች። ለዚህ ጸሐፊ ግን ተቃራኒው ነው የሚታየው። አፈወርቅ በሕይወታቸው ማድረግ ያቃታቸውን በመጽሐፋቸው ዋሕድ አድርጎታል። ሰው ያጣውን ነገር ጠንቅቆ ሊያውቀው ይችላል። መጽሐፏ ውስጥ የውለታ ክብደት ሐሰት አይደለም፤ አንባቢውን ይከብደዋል፣ ከዋሕድ ጋር ያንከራትተዋል።

ከዚህ ላይ አንድ መፈተኛ ይገኛል፦ የሰውየው ጥፋት ከሕይወቱ ተሻግሮ ገጹ ላይ ገብቷል ወይ? አፈወርቅ ለዚህ ፈተና የተመቹ ናቸው፤ አንዱ ብዕር የተለያየ ዓይነት ሥራ ስለሠራ።

ልብ ወለዷ ላይ ጥፋቱ ቢፈለግ ብዙም አይገኝም። የምኒልክ ታሪክ ላይ ግን ይገኛል። «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለው መጽሐፍ አማርኛው የሚጣፍጥ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ምኒልክን ሰማይ እየሰቀለ አፄ ዮሐንስን መሬት ላይ ይጥላል። ይህን በጊዜው ፊት ለፊት የተናገረው ሌላው የዘመኑ ብሩህ አእምሮ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በወጣው «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ መግቢያ ላይ የአፈወርቅን መጽሐፍ ይተቻል፤ ታሪክ ለመጻፍ አስተዋይ ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ አጻጻፍ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ልብ በሉ፤ ገብረ ሕይወት የከሰሰው ሰውየው የት እንዳደረ ሳይሆን ገጹ ላይ ያለውን ማዳላት ነው። ሒስ እንዲህ ሲሆን ያምራል። ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ዛሬ ስለ ጥበብና ስለ ጥበበኛ ለሚከራከር ሰው ከዚህ የተሻለ አርአያ ከባሕር ማዶ መፈለግ አያስፈልገውም።

በወረራው ዘመን ለቄሳሩ መንግሥት የጻፉት ደግሞ ሦስተኛው ነው። እዚያ ሥራውና ጥፋቱ አንድ ናቸው፤ ሥራውን ከሠሪው እንለይ ቢባል የሚለይ ነገር የለም። ለታሪክ ተመራማሪ ሰነድ ነው፤ የጥበብ ወዳጅ የሚያጣው ነገር የለውም።

አንድ ሰው፣ አንድ ብዕር፣ ሦስት ፍርድ። «ሥራውን ከሰውየው ለዩ» የሚለው ምክርም «ሰውየውን ከጣልን ሥራውንም እንጣል» የሚለውም ለአፈወርቅ አይበቃም፤ ሁለቱም ማንበብን ያስቀራሉ።

ኖርዌጂያውያን ተመሳሳይ ሸክም አለባቸው። ክኑት ሃምሱን የሚባል ደራሲያቸው እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለ ከወራሪው ጎን ቆመ፤ የኖቤል ሜዳሊያውን ለናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ለጎብልስ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ሂትለር ሲሞት በጋዜጣ ላይ የሐዘን ቃል ጻፈለት። ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤት ከባድ የገንዘብ ቅጣት ጣለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የተወለደበት 150ኛ ዓመት ሲከበር አገሪቱ እንደገና ተከራከረች፤ ክርክሩ ግን ሁሉም የሰውየውን ታሪክ አውቆ የሚያደርገው ነበር። የኖርዌይ ተማሪ ስለ ሜዳሊያው ያውቃል። የእኛ ተማሪ ግን «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማን ጻፈው?» ተብሎ ሲጠየቅ ስሙን መልሶ ነጥቡን ይወስዳል፤ ቀሪው አይነገረውም። በሌላ በኩል ባንዳነታቸውን ብቻ የሰማው ደግሞ መጽሐፏን ከፍቶ አያውቅም። ሁለት ግማሽ ዕውቀት አንድ ሙሉ አይሆንም።

የሞተ ሰው ላይ መፍረድ ይቀላል። ሕያው ሲሆንስ? ያም ሕያው ሰው ድምፁ በየታክሲው የሚሰማ፣ ሰርግ የሚያሞቅ፣ ሰዎች ልጆቻቸውን በዘፈኑ የሚያስተኙ ሲሆን?

የቴዎድሮስ ካሳሁን፣ የቴዲ አፍሮ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ለአድናቂው «ቴዲ» ምንጊዜም «አንተ» ነው፤ «እሳቸው» ያለው የለም፤ የቤት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጎዳና ተዳዳሪ ወጣት በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ድምፃዊው በዚሁ ተከሰሰ፤ ገጭቶ አመለጠ ተባለ። እሱ ክሱን ካደ። ፍርድ ቤቱ ግን ጥፋተኛ ብሎ በኅዳር 2001 ዓ.ም. 6 ዓመት እስራትና የ18,000 ብር መቀጮ ፈረደበት፤ በይግባኝ እስራቱ ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለ፤ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ተፈታ። ብዙ ደጋፊዎቹ ክሱን ከ«ያስተሠርያል» አልበምና ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ፖለቲካ ጋር አያይዘው የፈጠራ ነው አሉ። መንግሥት የለም፣ የትራፊክ ወንጀል ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ የቢልቦርድን የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ መርቷል።

እዚህ ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤቱን ተክቶ እንደገና መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ ሲካሄድ የነበረውን ያስታወሰ ሰው አንድ ነገር ይከነክነዋል። ስለ ድምፃዊው ተጮኸ፤ ስለ መንግሥት ተጮኸ። ስለዚያ ጎዳና ላይ ስለሞተው ወጣት ግን ያወራ ጥቂት ነው። የሚወዱት ሰው ሲከሰስ አድናቂ የሚያደርገው የመጀመሪያው ስሕተት ተከሳሹን መከላከሉ አይደለም፤ ያ መብቱ ነው። ሟቹን መርሳቱ ነው። አፈወርቅን እያነበቡ በግራዚያኒ ትእዛዝ የተገደሉትን አዝማሪዎች መርሳትም የዚያው ዓይነት ነው።

ሕያው በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ገንዘብ አለ። በወሲብ ወንጀል እ.ኤ.አ. በ2022 30 ዓመት የተፈረደበት አሜሪካዊው ድምፃዊ አር ኬሊ ዘፈኖቹ ዛሬም ይሰማሉ። አድማጭ ዘፈኑን ሲከፍት ሳንቲም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅም ተገቢ ነው። የአፈወርቅ መጽሐፍ ከአዟሪው ሲገዛ ግን ብሩ ወደ አዟሪው ኪስ ነው የሚገባው፤ አፈ ቄሳርን የሚያበለጽግ አይደለም። ስለዚህ በሕያው ሰው ላይ የሚጠነክረው «አልገዛም» ማለት በሙት ላይ ትርጉሙ ይሳሳል።

ጥፋት የሚባለው ነገር ራሱ ለሥራው መንገድ የከፈተበት ጊዜም አለ። በዓሉ ግርማን የሚወድ አንባቢ ብዙ ነው፤ ምናልባት ከአማርኛ ደራሲያን ሁሉ ከፍቅር ጋር በብዛት ስሙ የሚነሣው እሱ ነው። በዓሉ ግን የደርግ ባለ ሥልጣን ነበር፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ሠርቷል፤ በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣው ከዚያ ዘመቻ ሆድ ውስጥ ነው። ከውስጥ ያላየ ሰው እንዲያ አድርጎ ሊጽፈው አይችልም ነበር። መጽሐፉ ወዲያው ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የደርግ አገልጋይነቱን ማንሣት ለአድናቂዎቹ ነውር ይመስላቸዋል። ግን ያ ካልተነሣ «ኦሮማይ» ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ አይታወቅም፤ ሲያገለግለው በነበረው መንግሥት ላይ ነው የጻፈው። የአፈወርቅ መንገድ ከብዕር ወደ ቄሳር ወሰዳቸው፤ የበዓሉ ከሥልጣን ወደ ብዕር፣ ከብዕርም ወደ ሞት።

ታሪክን ሳይሸሽጉ ማንበብ የሚከብድ አይደለም፤ ቁሳቁሱ አለ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ አላን ሩዎ እ.ኤ.አ. በ1991 የአፈወርቅን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም ስለ ቀደምት ምሁራን በጻፉት ሥራ ሰውየውን ከነ ብርሃናቸው ከነ ጥላቸው አቅርበዋል። የጎደለው ይህ ዕውቀት ከመጽሐፏ ጋር በአንድ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ለተራው አንባቢ መድረሱ ነው። «ጦቢያ»ን ደግሞ የሚያሳትም አሳታሚ ካለ፣ ከፊቷ አራት አምስት ገጽ ይጨምር፤ ዘጌን፣ ኒውሻቴልን፣ ኔፕልስን፣ አፈ ቄሳርነትን፣ ጅማን ሳይዘል ይጻፍ። መምህሩም ስለ መጀመሪያው ልብ ወለድ ሲያስተምር የአምስት ደቂቃ ጊዜ ለዚህ ይስጥ። ተማሪው አይሰበርም፤ እንዲያውም መጽሐፏን ለማንበብ ምክንያት ያገኛል።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መጻሕፍቱን ከሆዱ እስከ አገጩ የደረደረው ልጅ ካፌ ውስጥ አጠገብህ ሲቆም «ጦቢያ» አለህ ወይ ብለህ ጠይቀው። ካለው ግዛና በአንድ ቁጭታ ጨርሳት፤ አጭር ናት። ከዚያ የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ፈልገህ መግቢያውን አንብብ። ሁለቱን ካነበብክ በኋላ «ጻፈ» ትል እንደሆን «ጻፉ» የምትወስነው አንተ ነህ።